ሁሉም «ተመስገን» ካለ የኑሮ ደኅንነት እንዴት ይጠናል?

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ የሴፍቲኔት ፕሮግራም (ለረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች ክፍያ የሚሰጠው) በተጠቃሚዎች የኑሮ ደኅንነት ላይ ያመጣውን ለውጥ ላጠና ነው። ‹ከ0 እስከ 10 በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል?› የሚለውን የታወቀ ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሼ በ4 ቀበሌዎች 422 ቤተሰቦችን ልጠይቅበት አቅጃለሁ። በሙከራው ጊዜ ግን አብዛኛው ሰው ‹ተመስገን፣ ደህና ነን› ወይም ‹አልሐምዱሊላህ› ብሎ ብዙም ሳያስብ 5 ወይም 10 ይላል። አማካሪዬ የቡድን ውይይት ጨምሪበት ይሉኛል፤ እኔ ግን ሰው እውነቱን ካልተናገረ ውይይቱም ያው ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ማኅበራዊ ሳይንስ የሰውን ደኅንነት በእርግጥ መለካት ይችላል? ወይስ የገቢና የፍጆታ ቁጥር ብቻ ብወስድ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ የጠየቋቸው ሰዎች አልዋሹም። የጠየቁበት መንገድ ሰላምታ ስለመሰለ የሰላምታ መልስ ሰጥተውዎታል። በማያውቁት እንግዳ ፊት፣ ገና ውይይቱ ሳይሞቅ፣ «በሕይወትዎ ረክተዋል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ የወሎ ገበሬ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አስቀድሞ ፈጣሪውን ማመስገኑ ግዴታው ነው፤ ማማረር ነውር ከመሆኑም በላይ ያለውን ጸጋ እንደ መካድ ይቆጠርበታል። ይኸው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ በሬው በመሞቱ መሬቱን ለእኩል እንደ ሰጠና ልጁ ትምህርት እንዳቋረጠ ሊነግርዎት ይችላል። ሁለቱም መልሶች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን የሁለት ጥያቄዎች መልሶች ናቸው። ስለዚህ ከመልሱ በፊት ጥያቄዎን ይመርምሩ።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። የሴፍቲኔት ተጠቃሚን ከብቱን፣ መሬቱንና እህሉን ሲጠይቁት ምስጋናው ወደ ጥንቃቄ ይለወጣል። የመጡት ለምዝገባ ወይም ለምረቃ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ለማስወጣት ከመሰለው፣ ያለውን አሳንሶ መናገሩ ቤተሰቡን ከመጠበቅ የሚመነጭ ነው። በአንድ መጠይቅ ውስጥ አንድ ሰው እርካታውን ከፍ፣ ሀብቱን ዝቅ አድርጎ ሊነግርዎት ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተው «ድሃው ደስተኛ ነው» የሚል ግኝት ቢጽፉ፣ የመዘገቡት ሁለት የጨዋነትና የጥንቃቄ ልማዶችን እንጂ የሰዎቹን ኑሮ አይደለም። ችግሩ የሚከፋው ደግሞ መረጃ ሰብሳቢዎችዎን ወደየቤቱ የሚመራቸው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሉ አባል ሲሆን ነው፤ ተጠቃሚዎችን በመምረጡ ሂደት ውስጥ ያለ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ማንም ነጻ መልስ አይሰጥም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ደኅንነትን ይለካል፤ ግን «ደኅንነት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ቢያንስ ሦስት ገጽ አለው፣ እያንዳንዱም የተለየ መሣሪያ ይፈልጋል። አንደኛው የኑሮው ሁኔታ ነው፤ ምግብ፣ ጤና፣ መጠለያ፣ ጥሪት። ሁለተኛው ሰውየው ራሱ ኑሮውን የሚመዝንበት ግምት ነው። በዚህ ውስጥም የሕይወት ግምገማና የትናንት ስሜት ይለያያሉ፤ ሕይወቱን በጥቅሉ መልካም ነው የሚል ሰው ትናንት በጭንቀት ተውጦ ሊውል ይችላል። ሦስተኛው ግንኙነት ነው፦ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ በሸንጎ ሲናገር የሚያደምጠው አለው ወይ የሚለው። የእርስዎ አንድ ጥያቄ የነካው ሁለተኛውን፣ ያውም ግማሹን ነው።

ከ0 እስከ 10 ያለው መለኪያ ራሱ መጥፎ አይደለም። መሠረቱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው የመሰላል ጥያቄ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው የጋሉፕ ድርጅት ዓለም አቀፍ ጥናት የሚጠቀመው የዚሁን አጠር ያለ ቅጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጠው በዚሁ ነው። ልብ ይበሉ፣ ካንትሪል «ረክተዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ሰውየው ሊኖረው የሚችለውን እጅግ መልካም ሕይወትና እጅግ ክፉ ሕይወት አስቀድሞ በራሱ አንደበት እንዲናገር አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ራሱን በመሰላሉ ላይ እንዲያስቀምጥ የጠየቀው። እርስዎ የመጀመሪያውን ግማሽ ትተው ቁጥሩን ብቻ ወስደዋል፤ ብዙ ተማሪዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የአገር ደረጃ የሚያወጣው ሪፖርት በየአገሩ በዓመት 1,000 ገደማ ሰዎችን የሚጠይቅና የሦስት ዓመት አማካይ የሚጠቀም በመሆኑ፣ የአገሪቱን ቁጥር ወስደው ከወረዳዎ ውጤት ጋር ማወዳደርም አይገባም።

ገቢና ፍጆታን ብቻ ልውሰድ የሚለው አማራጭ ደግሞ ቀላል ይምሰል እንጂ አያድንዎትም። በአገር አቀፍ የቤተሰብ ፍጆታ ጥናቶች መሠረት ከብሔራዊው የድህነት መስመር በታች የነበረው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1995/96 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2015/16 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ይህ ትልቅና እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የመንግሥትን በጀት ለመምራትም ያስፈልጋል። የማን ልብ እንዳረፈ ግን አይነግርም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ስቴፋን ደርኮንና ክሪስቶፈር ብላትማን በኢትዮጵያ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ጥናት ይመልከቱ። በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን የፋብሪካውን ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና ሰጡ፤ ሦስተኛው ወገን ለማነጻጸሪያ ቀረ። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካው ሥራ ገቢያቸውን ካልተቀጠሩት ከፍ አላደረገውም፣ የጤና ችግራቸውን ግን ጨምሯል፤ አብዛኞቹም በዚያው ዓመት ውስጥ ሥራውን ለቅቀው ሄደዋል። «ሥራ አግኝቷል» የሚለውን ብቻ የቆጠረ ጥናት ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፍ ነበር።

በእርስዎ አካባቢ የበለጠ የሚታየው ምሳሌ ልጃቸው ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ሌላ የዓረብ አገር የሄደችባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፣ ዕዳው ተከፍሏል፣ ታናሽ ወንድሟ ከተማ ገብቶ ይማራል፤ በፍጆታ መለኪያ ይህ ቤተሰብ ወደ ላይ ወጥቷል። እናቲቱ ግን ስልክ ሳይደወል ሁለት ሳምንት ካለፈ እንቅልፍ አይወስዳትም። የትኛው ነው እውነተኛው ደኅንነት ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሁለቱም አሉ፣ ጥናትዎም ሁለቱንም ለየብቻ መመዝገብ አለበት። አንድ ላይ ደምረው «የደኅንነት ኢንዴክስ» የሚባል ነጠላ ቁጥር ሲያወጡ የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው፤ ለዚህ ነው ተማሪዎች እንደዚህ ያለ ጥቅል ቁጥር እንዳይሠሩ አጥብቄ የምቃወመው።

የተገላቢጦሹን ስሕተትም ልከላከል። የሰውን ግምት ብቻ አምኖ ሁኔታውን መተው አደገኛ ነው። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ደጋግሞ እንዳመለከተው፣ ለረጅም ጊዜ የተነፈገ ሰው ኑሮው እንዲቻለው ሲል ፍላጎቱን ራሱ ያሳንሳል። በልጅነቷ ተድራ፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ውኃ ስትቀዳ የኖረች ሴት «ምንም አልጎደለብኝም» ብትልዎ ቃሏን አክብረው ይመዝግቡት፤ ነገር ግን የጎደለባትን የመቁጠር ኃላፊነት ከእርስዎ ላይ አይወርድም። ምስጋናዋ ለማንም ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሆኖ እንዲያገለግል መፍቀድ የለብዎትም።

አማካሪዎ ስላሉት የቡድን ውይይት እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም መጠይቁ ካለቀ በኋላ እንደ ማጣፈጫ የሚጨመር ከሆነ ድካም ብቻ ነው የሚሆነው። ቦታው መጀመሪያ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ጥሩ የጥናት ቅርስ አላት፤ ብዙ ተማሪዎች አያውቁትም፣ ይህም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በ15 የገጠር መንደሮች የተጀመሩት የማኅበረሰብ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 20 አድገው፣ በ2010ና በ2013 መካከል ተመራማሪዎቹ ወደነዚያው መንደሮች ተመልሰው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በእንግሊዙ የባዝ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በኢትዮጵያ፣ በባንግላዴሽ፣ በፔሩና በታይላንድ የተካሄደው ጥናት ደግሞ በቀጥታ የኑሮ ደኅንነትን የሚመለከት ነበር፤ በእኛ አገር ካየባቸው የገጠር ቦታዎች መካከል ምሥራቅ ጎጃም ያለችው ይትመን፣ ሰሜን ሸዋ ያለችው ዲንኪ፣ ሻሸመኔ አጠገብ ያለችው ቱሩፌ ቀጨማና አርሲ ያለችው ቆሮደጋጋ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 የኢትዮጵያ ልጆችን በ20 ቦታዎች እየተከታተለ ያሳደገው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናትም አለ።

ከዚህ የመጨረሻው ጥናት አንዱን ክፍል በቅርብ እንየው። ተመራማሪዎቹ በሦስት ማኅበረሰቦች ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ልጆችን ቁጥር አልጠየቋቸውም። «በዚህ ሰፈር ደህና የሚኖር ልጅ ምን ዓይነት ነው? ደህና የማይኖረውስ?» እያሉ ልጆቹ ራሳቸው በቡድን እንዲወያዩ፣ እንዲሥሉና እንዲያስረዱ አደረጉ። የልጆቹ መልስ ከሀብት ጋር አንድ አልነበረም፤ ደህና መኖር ማለት ሀብታም መሆን ማለት አይደለም ብለው በግልጽ የተናገሩ ነበሩ፣ ከቦታ ቦታም አመለካከታቸው ይለያይ ነበር። አዋቂ ሰው በቢሮው ተቀምጦ ያወጣው ዝርዝር ይህን አያገኘውም። በእርስዎም ወረዳ «በዚህ ጎጥ ደህና ኖረ የሚባለው ማን ነው? በምን ታወቀ? ከአምስት ዓመት በፊትስ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ስለ ሌላ ሰው ስለሚያናግረው፣ ምስጋናም ጥንቃቄም ሳይጋርደው መልስ ያመጣልዎታል።

ውይይቱም ወሰን አለው። ቡድን የሚሰጥዎት ማኅበረሰቡ ትክክል ነው የሚለውን ነው፤ በየጓዳው ያለውን አይሰጥም። ስለ ረሃብ፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ፣ ስለ ዕዳ በቡድን መጠየቅ ሰውን ማሳፈር ነው፤ እነዚህን ለብቻ፣ ለሴቶችም በሴት ጠያቂ ያድርጉ። ሽማግሌዎች ባሉበት ወጣቱ፣ ወንዶች ባሉበት ሴቲቱ ዝም ስለምትል፣ ውይይቶቹን በዕድሜና በጾታ ይለዩ። በማኅበራዊ ግንኙነት ክፍልዎም ሌላ አካባቢ የተዘጋጀ መጠይቅ እንዳለ አይገልብጡ፤ እድር ሌላው ጋ የሚሠራውን ሥራ በወሎ ገጠር የሚሠራው ቅሬ ስለሆነ፣ «የእድር አባል ነዎት?» ብለው ጠይቀው «አይደለሁም» የሚል መልስ ቢሰበስቡ፣ በቅሬው ተከብቦ የሚኖረውን ሰው ብቸኛ አድርገው መመዝገብዎ ነው።

ከውይይቱ በኋላ መሰላሉን ያስተካክሉ። በወረቀት ላይ መሰላል ይሣሉ፤ የማያነብ ሰው በጣቱ ወይም በጠጠር ያሳይ። ከዚያ እንዲህ ይጠይቁ፦ «እስቲ በዚህ አካባቢ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ከሁሉ የተሻለ የሚባለውን ኑሮ ያስቡ። ምን ምን አለበት?» ይናገር፣ ይመዝግቡ። «ከሁሉ የከፋውስ?» ይናገር፣ ይመዝግቡ። «ይህ የላይኛው ደረጃ ያ መልካሙ ኑሮ ነው፣ ይህ የታችኛው ያ ክፉው ነው። አሁን እርስዎ የት ላይ ነዎት? የዛሬ አምስት ዓመት የት ነበሩ? ከአምስት ዓመት በኋላስ የት የሚደርሱ ይመስልዎታል?» ምስጋናው በዚህ መሐል ቢመጣም አያስቸግርም፤ «ተመስገን፣ ሦስተኛው ላይ ነኝ» የሚል መልስ ሲያገኙ ጥያቄው መሥራት እንደ ጀመረ ይወቁ። መጠይቁን ከማስፋፋትዎ በፊት ለ15 ወይም ለ20 ሰዎች አቅርበው፣ ከመልሱ በኋላ «ይህን ደረጃ ሲመርጡ ምን አሰቡ?» እያሉ ይመርምሩ። ሦስት አራት ሰዎች በተመሳሳይ ቦታ ከተሰናከሉ ጥያቄውን ይለውጡ።

ሁሉም ሰው ደረጃውን በአንድ ዓይነት መመዘኛ እንደማይሰጥ ከሠጉ፣ የታሪክ ማነጻጸሪያ ይጠቀሙ። «አንዲት ሴት አለች፤ ግማሽ ጥማድ መሬት አላት፣ በሬ የላትም፣ እህሏ እስከ መጋቢት ያደርሳታል፣ ልጆቿ ግን ይማራሉ። ይህችን ሴት የት ያስቀምጧታል?» ብለው ለሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ይንገሩ። አንዱ ሰው ይህችን ሴት ሰባተኛው ላይ፣ ሌላው ሦስተኛው ላይ ካስቀመጣት፣ ስለ ራሳቸው የሰጡትም ቁጥር እኩል ትርጉም እንደሌለው በማስረጃ ያውቃሉ። ሁለት ወይም ሦስት ታሪኮች ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያሰለቻል።

የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ትንሽ ጉዳይ እንዳይመስልዎት። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አንገስ ዲተን የአሜሪካውያንን ዕለታዊ የሕይወት ግምገማ ሲመረምር፣ ከመሰላሉ ጥያቄ በፊት የፖለቲካ ጥያቄ የቀረበላቸው ሰዎች ራሳቸውን በግልጽ ዝቅ አድርገው አስቀምጠዋል፤ ልዩነቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ከተከሰተው የፋይናንስ ቀውስ ተጽዕኖ ጋር የሚወዳደር ነበር። እርስዎም ስለ ሴፍቲኔቱ ክፍያ መዘግየት ጠይቀው ወዲያው መሰላሉን ቢያወጡ የሚለኩት ቅሬታውን ነው። መሰላሉን ከመግቢያ ጨዋታው በኋላ፣ ከፕሮግራሙ ጥያቄዎች ሁሉ በፊት ያስቀድሙት።

ወቅቱ ደግሞ ከሁሉ የሚረሳው ነው። የመኸር እህል በሚጠበቅበት ቦታ በጥር የተጠየቀ ገበሬና በነሐሴ የተጠየቀ ገበሬ፣ አንድ ሰው ቢሆኑም እንኳ፣ ሁለት የተለያዩ ኑሮዎችን ይነግሩዎታል፤ አንዱ ጎተራው ሞልቶ፣ ሌላው ጎተራው ተሟጥጦ። ሁለት ቀበሌዎችን በጥር፣ ሁለቱን በግንቦት ጠይቀው ቢያነጻጽሩ ያገኙት ልዩነት የወቅት ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ምን እንደተበላ የሚጠይቅ መጠይቅም ዐቢይ ጾም ላይ ከወደቀ ክርስቲያኑ ቤተሰብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንዳልቀመሰ፣ በረመዳን ላይ ከወደቀ ደግሞ የሙስሊሙ ማዕድ ጊዜውና ይዘቱ እንደተለወጠ ይመዘገባል። ሁለቱ በተቀላቀሉበት በእርስዎ ወረዳ ይህን ሳይመዘግቡ ማለፍ የሃይማኖት ልዩነትን የድህነት ልዩነት አስመስሎ ማቅረብ ነው። ለምግብ ዋስትና ከሰባቱ ቀናት ይልቅ «ባለፉት 12 ወራት ቤተሰብዎን ለመመገብ የተቸገሩባቸው ወራት የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ይሻላል፤ በሴፍቲኔት ግምገማዎችም የተለመደ ነው፣ ወራቱን በስም እያነሡ ሲጠይቁ ሰዎች በደንብ ያስታውሳሉ።

ስለ 422 ቁጥር ግልጽ ልሁን። ይህ ቁጥር በአገራችን መመረቂያ ጽሑፎች ላይ እስኪሰለች ድረስ ይታያል፤ 384 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር ነው የሚመጣው። 384 ራሱ የሚሠራው ሰዎቹ ከመላው ሕዝብ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡና የሚፈልጉት አንድን መቶኛ በ5 ነጥብ ስሕተት ለመገመት ከሆነ ነው። እርስዎ ግን በ4 ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው 105 ገደማ ቤተሰቦችን ሊጠይቁ ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ዝናቡም፣ ገበያውም፣ አመራሩም አንድ ስለሆነ መልሳቸው ይመሳሰላል። ያ መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ባለው ሚዛን 0.05 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ስሌቱ 1 ሲደመር 104 (ከ105 አንድ ሲቀነስ) በ0.05 ሲባዛ 6.2 ይሆናል፤ 422ን ለ6.2 ሲያካፍሉ የሚቀርዎት የ68 ሰዎች ያህል መረጃ ነው። በአንጻሩ በ28 ጎጦች 15፣ 15 ቤተሰቦችን ቢጠይቁ፣ ድምሩ 420 ሆኖ ሳለ፣ ማካፈያው ወደ 1.7 ወርዶ የ247 ሰዎች ያህል መረጃ ይኖርዎታል። የእግር መንገዱ ይበዛል፤ ገንዘቡ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይውልም።

አሁን ከባዱን እናንሣ። ባቀረቡት ንድፍ ሴፍቲኔቱ «ያመጣውን ለውጥ» ማሳየት አይችሉም። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ጀምሮ የሚመርጠው ለረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ነው። ተጠቃሚዎችን ካልታቀፉት ጋር ዛሬ ቢያነጻጽሩ ተጠቃሚዎቹ የባሱ ሆነው ይገኛሉ፣ ፕሮግራሙም የጎዳቸው ይመስላል። በሽተኛ በሐኪም ቤት ስለ በዛ ሐኪም ቤት ያሳምማል እንደ ማለት ነው። በሪግሬሽኑ (የእያንዳንዱን ምክንያት ድርሻ ለመለየት በሚሠራው ስሌት) ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና የመሬት ስፋት መጨመርም ይህን አያጠፋውም፤ ኮሚቴው ቤተሰቡን የመረጠበት ምክንያት፣ ለምሳሌ የአባወራው ሕመም፣ በመረጃዎ ውስጥ የለምና። ትልልቆቹ ግምገማዎች እንኳ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በጥንቃቄ እያዛመዱ፣ ወደነዚያው ቤቶች በየሁለት ዓመቱ እየተመለሱ ነው የሠሩት። ከመጀመሪያዎቹ ግኝቶች አንዱም አስተማሪ ነው፦ በአማካይ የታየው ውጤት ትንሽ ሲሆን፣ ከታሰበላቸው ክፍያ ቢያንስ ግማሹ የደረሳቸው ቤተሰቦች ግን የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሏል። «ታቅፏል ወይስ አልታቀፈም» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ስንት ወር፣ በስንት መጠን፣ በምን ያህል መዘግየት ደረሰው የሚለው ይጠየቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ በተለይ አደራ እላለሁ። የአእምሮ ጭንቀትን ለመለካት በኢትዮጵያ ብዙ ያገለገለውን፣ በቡታጅራም ለረጅም ጊዜ የተሠራበትን 20 ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ሊጨምሩ ይችሉ ይሆናል። በውስጡ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቅ አለ። «አዎ» የሚል ሰው ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ማን እንደሚቀበለው፣ ጠያቂው በዚያው ሰዓት ምን እንደሚል አስቀድሞ ካልተዘጋጀ መጠይቁን አይያዙት። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማኅተም ይህን ዝግጅት አይተካም። ስምምነት ሲጠይቁም መልሱ በፕሮግራሙ ውስጥ መቆየትን ወይም መውጣትን እንደማይነካ በግልጽ ይናገሩ፤ ስም በመጠይቁ ላይ አይጻፍ፣ የመልሱም ቅጂ ለቀበሌው አይሰጥ።

የምመክርዎት ይህ ነው። የጥናቱን ርእስ ይለውጡ፤ «ያመጣው ለውጥ» የሚለው ይውጣና በወረዳው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቤተሰቦች ደህና ኑሮን በምን እንደሚመዝኑ፣ በራሳቸው ሚዛን ማን የት እንደሚገኝና ይህም ከክፍያው መጠንና መደበኛነት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚመረምር ይሁን። የመጀመሪያውን ወር ለውይይትና ለብቻ ለሚደረጉ ቃለ መጠይቆች ይስጡ፣ ከልማት ሠራተኛው ውጭ በሆነ መሪ። ቀጥሎ መጠይቁን ያሳጥሩ፤ መሰላሉ ከነታሪኮቹ፣ የችግር ወራቱ፣ የክፍያው ዝርዝር፣ የቅሬና የዘመድ ግንኙነት፣ ጥቂት የጥሪት ጥያቄዎች፣ ከ50 ደቂቃ አይለፍ። ቤተሰቦቹን በብዙ ጎጦች ይበትኗቸው፤ በየቤቱም ባልንና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ ከቻሉ የቤቶቹን ቁጥር መቀነስ ያዋጣል፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የተለያየ ደረጃ ሲሰጡ ብዙ ያስተምራልና። ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ አዳዲስ ቤቶችን ከመጨመር ይልቅ ከነዚያው መካከል ጥቂቶቹን በሌላ ወቅት ተመልሰው ይጠይቁ።

ውጤቱን ሲጽፉ አማካይ ቁጥር ብቻ አያቅርቡ። በመሰላሉ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ደረጃ መውጣት ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ ከመውጣት ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥልን ነገር የለም። በየደረጃው ስንት ሰው እንዳለ፣ በጾታና በወቅት ለይተው ያሳዩ፤ አጠገቡም ሰዎቹ ያንን ደረጃ ሲመርጡ የተናገሩትን ያስቀምጡ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት «ፕሮግራሙ በስንት በመቶ ደኅንነትን ጨመረ?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ይህ ጥናት ለዚያ ጥያቄ አልተሠራም ብለው በጽሑፍ ይመልሱ፤ በምትኩ ክፍያው በየትኞቹ ወራት ቢደርስ ለቤተሰቦቹ ይበልጥ እንደሚጠቅም የነገሩዎትን ይስጡት፤ ይህን ከራሳቸው አፍ ሰምተዋልና በእርግጠኝነት መናገር ይችላሉ።